ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ወለል

ባንተአምላክ ወለል የሚያየው በጆሮው ነው። ሞጣ ላይ አዲስ ሆቴል ሲገባ ሌላው ሰው መቀመጫ ይፈልጋል፤ እሱ ግን በጫማው ተረከዝ ሴራሚኩን መታ መታ ያደርጋል። ድምፁ ደፈን ብሎ ከመጣ ሴራሚኩ ከሥሩ ካለው ጋር በደንብ ተያይዟል ማለት ነው። እንደ ባዶ ቅል ከጮኸ ግን ከሥሩ አየር አለ፤ አየር የገባበት ሴራሚክ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ሚስቱ ይርጋነሽ በዚህ ጠባዩ ታፍርበታለች። «ተጋብዘን ስንሄድ እንኳ እግርህ ቢያርፍ ምን አለበት?» ትለዋለች። አያርፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ወለል ሲያነጥፍ የኖረ እግር በአንድ ግብዣ አይታረምም።

ሞጣና ቢቸና ውስጥ እሱ ያነጠፈውን ወለል ሳይረግጥ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚያ ሁሉ ወለሎች አንዱን ግን እሱ ራሱ ሊረግጠው አይችልም። የሚወደውም፣ የዋሸበትም እሱኑ ነው።

ትውልዱ ቢቸና ዙሪያ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ዲቁና ተቀብሎ የኔታ አካለ ወልድ ዘንድ ዜማ ተማረ፤ ቅኔውንም ጀማምሮት ነበር። ድምፁ ያምር ስለነበር በበዓል ቀን ሴቶቹ ቅዳሴውን ትተው እሱን ይሰሙታል ተብሎ ይታማ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወላጆቹ ስርጉት የምትባል ልጅ አጋቡት፤ ለቅስና የሚበቃ ዲያቆን አስቀድሞ ሚስት ማግባት አለበትና። ስርጉት በዓመቱ ወደ አባቷ ቤት ሄዳ በዚያው ቀረች። ሽማግሌ ቢላክባት አልመለስም አለች። የበደላት ነገር አልነበረም። አልወደደችውም፣ በቃ።

አራት ዓመት ብቻውን ቆየና ይርጋነሽን አገባ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ አያወላውልም፤ ሁለተኛ ያገባ ዲያቆን ክህነቱ ይፈርሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ መግባት ቀረ። እንደማንኛውም ምእመን ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ማስቀደስ ብቻ ሆነ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በገበያ ቀን እንኳ «ያ ድምፀ መልካሙ ዲያቆን ወዴት ገባ?» እያሉ እየሰማቸው የሚጠያየቁ አልጠፉም። ይህን አልቻለውም። ሚስቱን ይዞ ማንም ዲያቆን ብሎ ወደማያውቀው ወደ ሞጣ ሄደ፤ እዚያም ሴራሚክ ማንጠፍ ለመደ።

የመጀመሪያ ዓመታቱ የውርደት ነበሩ። አገሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ የተኛው ሲሚንቶ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ በሲሚንቶው ላይ የተጣበቀው ሴራሚክ ግን መንቀሳቀስ አያውቅምና ይሰበራል። በሚያዝያ ያነጠፈው የእንግዳ ማረፊያ በመስከረም ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ባለቤትዬው በሰው ፊት «እጅህ አይባረክ» አሉት። እጁ ተባርኮ እንደነበር ለማን ይናገራል?

ከዚህ ያወጣው ከጅማ ተመድቦ ሞጣ የመጣ አንድ መሐንዲስ ነው። ከባሕር ዳር አንድ ጥቅል አስመጣለት፤ ሥሩ ጨርቅ የለበሰ፣ ላዩ በትናንሽ ጉድጓዶች የተሞላ የላስቲክ ምንጣፍ። መሐንዲሱ ሜምብሬን ይለዋል፤ ባንተአምላክ ምንጣፍ ብሎት ቀረ። «ሴራሚክ ግትር ነው» አለው መሐንዲሱ። «ከሥሩ ያለው ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን ካጣበቅሃቸው ደካማው ይሰበራል። ይህን በመካከላቸው አግባ፤ የታችኛው ሲንፏቀቅ የላይኛው አይሰማም።» ከዚያ ጣቱን ቀስሮ አንድ ነገር ጨመረ። «ግን ስማ፤ ይህ የሚችለው ወደ ጎን የሚሄደውን ነው። አንዱ ወገን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ የሚልበት ቦታ ካለ አይችለውም። እዚያ ላይ ክፍተት ትተህ በሲሊኮን ሙላው። መስመሩን አትሸፍን።»

ባንተአምላክ ይህን እንደ ዳዊት ያዘው። የሲሚንቶ ወለል ሲሆን ማጣበቂያው ሳይይዝ እንዳይደርቅበት አስቀድሞ በውሃ ያርሰዋል። ጣውላ ሲሆን የሚንቋቋውን ሁሉ በብሎን አስሮ፣ ሳብ የሚል ሌላ ማጣበቂያ ይቀባል። አሮጌ ሊሾ ሲያጋጥመው በጉልበቱ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጥፍሩ ይዳስሳል፤ ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ከሆኑ ምንጣፉን ያለብሰዋል፣ አንዱ ከበለጠ ግን አንድ ሴራሚክ አያስቀምጥም። ጨርቁን ወደ ታች አድርጎ አጥብቆ ይጫነዋል፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በማጣበቂያ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሴራሚክ የሚነካው። «አይቻልም» ለማለትም የማይፈራ ሆነ። አንድ ነጋዴ መጋዘኑ ላይ መስመር አታሳየኝ ብሎ ቢጮህበት ዕቃውን ሰብስቦ ወጥቶበታል። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ ለነጋዴ ያልታጠፈው ሰውዬ የታጠፈው ሌላ ቦታ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በሚያዝያ ከቢቸና ተደወለ። ደዋዩ ቄስ ስጦታው ነው፤ በልጅነታቸው ከባንተአምላክ ጋር በአንድ ቀን ዲቁና የተቀበለ፣ አብሮት የቀደሰ። «የኔታ ይጠሩሃል። የኪዳነ ምሕረትን ወለል ያንተ እጅ ያንጥፈው ብለዋል» አለው። ከቢቸና ወጣ ብላ ያለችው ያቺ ደብር ፈርሳ እንደ አዲስ መሠራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ታቦቷ በግቢው ጥግ፣ መቃኞ በሚሉት ለጊዜው በተሠራ የቆርቆሮ ቤት ትኖራለች። በክረምት ጣሪያው እያፈሰሰ ቅዳሴው በጥላ ሥር ይደርስ ነበር። የኔታ ሰማንያውን አልፈዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከእግዚአብሔር የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታቦቷ ቤቷ ስትገባ አይቶ መሞት።

ታቦት እስኪገባበት ድረስ መቅደስ ግንብ ብቻ ነው። ግንበኛው ይገባል፣ አናጢው ይወጣል። ባንተአምላክ ግን በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። ግንበኞቹ «እዚህ ሚስማር አለ፣ ምን ነካህ?» ብለው ሳቁበት። አልሰማቸውም። ሃያ ዓመት ያህል ሳይረግጠው የኖረው ቦታ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው፤ ወዲያው ደግሞ ወለሉ ሲያልቅ ተመልሶ እንደሚወጣ ትዝ አለውና በሌላ ነገር አለቀሰ። በአሥር ቀን የሚያልቀውን ሥራ በሃያ ቀን የጨረሰው ለዚህ ነው። በሞጣ ፈጣን የሚባለው ሰውዬ አንዷን ሴራሚክ ሦስቴ እያነሣ ያስቀምጥ ነበር።

በመቅደሱ መካከል የጥንቱ መንበር ቆሞበት የነበረ ጥርብ ድንጋይ ነበር። አባቶች «መንበር የቆመበት አይቆፈርም» ስላሉ ግንበኞቹ አላነሡትም፤ አዲሱን ሲሚንቶ ዙሪያውን አፍስሰው ከድንጋዩ ጋር እኩል አደረጉት። ባንተአምላክ ተንበርክኮ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ዳሰሰው። ነገሩ ገባው። ድንጋዩ የቆመው በጥንቶቹ መሠረት ላይ፣ በአለት ነው፤ አይነቃነቅም። ሲሚንቶው የተኛው በዋልካ ላይ ነው፤ በክረምት ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል። እዚህ ላይ ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም።

ለየኔታ አስረዳቸው። «በድንጋዩ ዙሪያ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ልተውና በሲሊኮን ልሙላው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «መንበሩ ፊት?» አሉ።

«አዎ የኔታ።»

«ነውር ያለበት በግ ለመሥዋዕት ይቀርብ ነበርን? እንዴት አድርገን በእጃችን የሰነጠቅነውን ቤት እንሰጣታለን? አይሆንም።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ወጥ አድርገህ አንጥፍልኝ፣ ዲያቆን ባንተአምላክ።»

ዲያቆን። በእኒያ አፍ ያን ቃል ከሰማ ስንት ዘመኑ! የኔታ እርጅና ተጫጭኗቸው የሆነውን ሁሉ የረሱ መሰለው። እሱም እንዲያስታውሱ አልፈለገም። እንቢ ቢላቸው፣ ስለ ዋልካና ስለ አለት ቢከራከራቸው፣ ያ ቃል ከአፋቸው ተመልሶ የሚገባ መሰለው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። «ይሁን የኔታ» አለ። «ምንጣፉ ይችለዋል።»

እንደማይችል ያውቅ ነበር። መስመሩን ምንጣፍ አለበሰው፤ በምንጣፉ ላይ ዕድሜ ልኩን ሠርቶት የማያውቅ ያማረ ወለል አነጠፈ፤ ወደ ሞጣም ተመለሰ።

ታቦቷ የምትገባው ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት፣ በዐሥራ ስድስት ነው ተባለ። ባንተአምላክ በዐሥራ ሁለት ወለሉን ሊወለውል መጣ። ዝናቡ ለሁለት ወር ሳያባራ ዘንቦ ነበር። ከግድግዳው ጀምሮ በመዶሻው እጀታ እየመታ ሄደ። ደፈን፣ ደፈን፣ ደፈን። ድንጋዩ ዳር ሲደርስ አንዱ ሴራሚክ እንደ ቅል ጮኸ። ጎረቤቱም ጮኸ። ድንጋዩን ተከትሎ አንድ ረድፍ ሙሉ ባዶ ሆኗል። ለዓይን ምንም የለም፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ለጆሮው ግን ዋልካው ሥራውን ጀምሯል።

ረድፉን አንሥቶ ክፍተቱን መተው የሁለት ቀን ሥራ ነው። አራት ቀን አለ። መናገር ብቻ ነው የቀረው። ነገ ሳይሆን አሁን መናገር፤ ምክንያቱም ታቦት ከገባ በኋላ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር እዚያ ወለል ላይ የሚቆም የለም። ተነሥቶ በዝናቡ ውስጥ ወደ መቃኞው ሄደ። የኔታን ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ቆመዋል፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ ትከሻቸውን አርሶታል። ድምፁን ሲሰሙ እጁን ይዘው፣ «ባንተአምላክ፣ ሊያሳየኝ ነው እኮ! አራት ቀን ብቻ!» አሉት። እንደ ልጅ እየሳቁ ነበር።

«እንኳን አደረሰዎ የኔታ» አለ። ወደ ወለሉም ተመልሶ መወልወሉን ቀጠለ።

በዐሥራ ስድስት ታቦቷ በእልልታ ገባች። የኔታ አለቀሱ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ባንተአምላክ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ መጋረጃው ሲዘጋ አየ። ያ ረድፍ ከእጁ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለጠላትም አይሰጡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ሰው ሁሉ «የቢቸናዋን ወለል አየንልህ፣ እጅህን ይባርከው» ሲለው አሜን ይላል። ከቢቸና ሚኒባስ በገባ ቁጥር የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ያነባል። በጥቅምት ዝናቡ ቆመ፤ በኅዳር መሬቱ ደረቀ፤ በታኅሣሥ የሞጣ ሜዳ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ያ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ተለይቶ ሲወርድ ይታየዋል። ለማየት ቢሄድ አይገባም። ቄስ ስጦታውን «እስቲ ረድፏን መታ መታ ያድርጓት» እንዳይለው «ለምን?» ይለዋል። ይርጋነሽ ነገሩን ጎትታ ካወጣችው በኋላ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ አይደል? ሂድና ተናገር» አለችው። ቦርሳውን አዘጋጀችለት። መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

በየካቲት ቄስ ስጦታው ደወለ። ድምፁ ደርቋል።

«ዛሬ ዲያቆኑ ጽዋውን ይዞ ሲወጣ መንበሩ ፊት ያለው ሴራሚክ እግሩን መታው። ከንፈሩ ተነሥቷል፤ ጣት ያስገባል። ተንገዳገደ፣ ባንተአምላክ። ጽዋውን እንደያዘ ተንገዳገደ።»

«ፈሰሰ?»

«አልፈሰሰም። ስሟ ይመስገን፣ አልፈሰሰም።»

ባንተአምላክ ጽዋ ይዞ ያውቃል። ያቺ አንዲት ጠብታ እንዳትወድቅ ዲያቆን እንዴት እንደሚተነፍስ ያውቃል። የዚያኑ ዕለት ተሳፍሮ ቢቸና ገባ።

የኔታ በዐጸዱ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ቄስ ስጦታው አጠገባቸው ቆሟል። ባንተአምላክ እግራቸው ሥር ወደቀ። «ያን ጊዜ አውቅ ነበር፣ የኔታ። ምንጣፉ አይችለውም ነበር። በነሐሴም ከመግባቷ በፊት ድምፁን ሰምቼ ዝም አልሁ። ዋሸሁዎት።»

የኔታ ጎንበስ አሉ። እጃቸው አየሩን ዳስሶ ዳስሶ የባንተአምላክን ራስ አገኘው።

«እኔም ዲያቆን ያልሁህ ረስቼ አልነበረም» አሉ። «ያን ቃል ስሰጥህ እንቢ እንደማትለኝ አውቄ ነው። ቤቴ እንዲያምርልኝ ብዬ በቁስልህ ገባሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ባንተአምላክ ቀና ብሎ አያቸው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ያ ቃል፣ በልቡ ደብቆ ሲሞቀው የኖረው፣ ብርድ ላይ ወጣ። ተናደደ፤ እኒህን ሽማግሌ ሊጮህባቸው ፈለገ። ግን እጃቸው አሁንም ራሱን እየዳበሰ ነበር። «ይፍቱኝ፣ የኔታ» ብቻ አለ።

ረድፉ መነሣት አለበት፤ ማን ያንሣው? መቃኞው ፈርሶ ቆርቆሮው ለሌላ ደብር ተሰጥቷል፤ ታቦቷን ማውጣት የማይታሰብ ነው። መቅደስ ውስጥ ስልክ ይዞ ገብቶ ፎቶ የሚያነሣለትም የለም። የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ባንተአምላክ በግቢው ጥግ አንድ የድንጋይ ጠርዝና የሲሚንቶ ቁራጭ አጋጥሞ ትንሽ ወለል ሠራ። ቄስ ስጦታውን ሦስት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ እያስቀመጠ፣ አስቆረጠው፣ አስነቀለው፣ አስሞላው። ስጦታው ከመስቀልና ከጽና በቀር ከባድ ነገር ያልለመደ ሰው ነው። አሥራ አንድ ሴራሚክ ሰበረ። «ለካ ያንተም ሥራ ጾም ይጠይቃል» እያለ ላቡን ይጠርግ ነበር።

በአራተኛው ቀን መሣሪያው ጠበል ተረጭቶበት ገባ። ቄስ ስጦታው መጋረጃውን አልፎ ሄደ፤ ባንተአምላክ ከመጋረጃው ወዲህ ቆመ። የኔታ መግባት ሲችሉ አልገቡም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቡ ቆሙ።

«ጠርዙን በእጅዎ ያግኙት፣ ቄሴ» አለ ባንተአምላክ።

«አገኘሁት።»

«ከእሱ በጣት ስፋት ወዲህ ይቁረጡ። ቀጥ አድርገው።»

ማሽኑ ጮኸ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩ ሴራሚኩን ጨርሶ ምንጣፉን ሲነካ ድምፁ ይለወጣል፤ «አሁን ቀስ!» አለ። ሲሚንቶው ሲነካ፣ «በቃ፣ ያውጡት!» ብሎ ጮኸ። እሱ ያለበሰው መስመር ከስንት ወር በኋላ ተከፈተ። የኔታ፣ «መንበሯ ፊት ስንጥቅ ይኑር» ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ፤ «እኛም እንዲሁ ነን።» ባንተአምላክ ቄስ ስጦታው ረድፉን ነቅሎ፣ እንደገና አንጥፎ፣ ክፍተቱን በሲሊኮን እስኪሞላ ድረስ ከመጋረጃው ወዲህ እያዳመጠ መራው።

አሁን በየዓመቱ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ካለፈ በኋላ ባንተአምላክ ከሞጣ ይመጣል። ዘንድሮም መጣ። የኔታ ባለፈው ጥቅምት አርፈዋል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ብቻውን ቆመ። ቄስ ስጦታው ከውስጥ በመዶሻ እጀታ ከግድግዳው ጀምሮ እየመታ መጣ።

«ይህስ?»

«ደህና ነው፤ ይቀጥሉ።»

«ይህስ?»

«ደህና።»

ድንጋዩ ዳር ደረሰ። በክፍተቱ ወዲያና ወዲህ መታ። ሁለቱም ደፈን አሉ። የመጨረሻው ረድፍ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚመታ የለም፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ መሄድ ብቻ ነው።

«ይህችስ፣ ባንተአምላክ? የመጨረሻዋ ናት።»

በደንብ ሰምቷት ነበር። ምንም የላትም።

«አልሰማኋትም፣ ቄሴ» አለ። «እስቲ ይድገሙልኝ።»